ሺህ ጆሮ ያላት ዶሮ

ተረት ልጀምር ነው። ጆሮ ያለህ ቀረብ በል፤ ጆሮ የበዛብህ ደግሞ እዚሁ አጠገቤ ተቀመጥ።

ድሮ ድሮ፣ ዶሮም ቅርጫትም አፍ አውጥተው በሚያወሩበት ዘመን፣ ገብስማ የምትባል ዶሮ ነበረች። ገብስማ እንቁላል ታቅፋ መቆየት አልሆንላት አለ። ቅጠል ኮሽ ሲል ትነሳለች፤ ዝንብ ውር ሲል ትከተላለች፤ ስትመለስ እንቁላሎቿ ቀዝቅዘዋል። አንዴ ታቀፈች፣ ተበላሸባት። ደግማ ታቀፈች፣ ተበላሸባት።

«ቀልበ ቢስ!» አሏት የግቢው ዶሮዎች። እሷም አመነቻቸው። አሁን የታቀፈቻቸው የመጨረሻዎቹ ናቸው፤ አርጅታለች፣ ከእንግዲህ አትጥልም።

ጎረቤቷ ቀዮ ግን ጭድ በተነጠፈበት ቅርጫቷ ውስጥ ታቀፈች ማለት ታቀፈች ነው፤ ንቅንቅ የለም። ገብስማ እሷን ባየች ቁጥር አንጀቷ በቅናት ያራል።

«እኔ የሌለኝ ምን አላት? ጭዷ ነው!» አለችና ቀዮ ውሃ ልትጠጣ ስትወጣ ጭዷን ሰረቀች። ጭዱ ላይ ተቀመጠች። ቁራ ጮኸ፤ ተነሳች።

«አቀማመጧ ነው!» አለችና እንደ ቀዮ አንገቷን ቀብራ፣ ዐይኗን ጨፍና ተቀመጠች። በር ተንኳኳ፤ ተነሳች።

«ቅርጫቷ ነው!» አለች በመጨረሻ። ቀዮ ዞር ስትል ጠብቃ የቀዮን እንቁላሎች ከቅርጫቱ ልታንከባልል ደረቷን አስጠጋች።

«ተይ አንቺ!» አለች ቅርጫቷ።

«እማማ ቅርጫት፣ ለእሷ የሚሰጧትን እርጋታ ለእኔም ይስጡኝ!»

«እኔ ሣር ነኝ ልጄ። ሣር ምን እርጋታ አለው? ስንቷን ዶሮ ስይዝ ኖሬያለሁ፤ እንዳንቺ ያለችም አይቻለሁ። አንቺ ቀልበ ቢስ አይደለሽም፤ ሺህ ጆሮ ነው ያለሽ። ድምፁ ሁሉ እኩል ይጠራሻል። አፈጣጠርሽ ነው።»

ገብስማ አለቀሰች። «እስከ ዛሬ ታዲያ ማንም አልነገረኝም? የጠፉት እንቁላሎቼስ?»

«እነሱማ አይመለሱም። የዛሬዎቹ ግን ገና አልቀዘቀዙም።»

ቀዮ በሩ ላይ ቆማ ሁሉንም ሰምታለች። «ጭዴን የወሰድሽው አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ እቴ። ቀንቼብሽ ነው።»

ቀዮ ተቆጣች፤ ትንሽ ቆይታ ግን «እስቲ ነይ፣ አጠገቤ ታቀፊ» አለቻት።

ከዚያ ወዲያ ገብስማ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች፤ የሚታይ ሲቀንስ የሚጠራትም ቀነሰ። እግሯ አላስቀምጥ ሲላት ግቢውን ትዞራለች፤ ከቆየች ቀዮ ትጣራለች፤ ትመለሳለች። ቅናቱ ግን አልለቀቃትም። ቀዮ ያለ ምንም ድካም ቁጭ ስትል እያየች ታጉረመርም ነበር።

የገብስማ እንቁላሎች ተፈለፈሉ። የመጀመሪያው ጫጩት ቅርፊቱን ከራሱ ላይ ሳያራግፍ ዝንብ አየና ሄደ።

«ደግሞ ሌላ ቀልበ ቢስ!» ብለው ሳቁ ዶሮዎቹ።

ገብስማ ሮጣ ደረሰችበትና ክንፏ ሥር አስገባችው። «አትስማቸው ልጄ። ሺህ ጆሮ ነው ያለህ። እኔም አለኝ። እንዴት እንደሚኖሩበት አሳይሃለሁ።»

«እሺ እማዬ» አለና ጫጩቱ እንቅልፍ ወሰደው።

ያኔ ገብስማ በገዛ ልጇ ቀናች። እሷ በእርጅናዋ የሰማችውን እሱ በተወለደበት ቀን ሰማው። ቀናች፤ በጣም ቀናች። ክንፏን ግን ከላዩ አላነሳችም።

የእኔ ተረት እዚህ ላይ አረፈ። እናንተም ለራሳችሁ በጊዜው ማንም ያልነገራችሁን ነገር፣ እየቀናችሁም ቢሆን ለልጅ ንገሩ።