ከቧንቧው ብረት ጋር የታሰረው ጋቢ

«አጥብቀሽ ያዢ!» አለች እናት። አክስት አንድ ነገር መለሰችላት። ሁለቱም በሳቅ ፈነዱ፤ በመካከላቸው የሚጨመቀው ጋቢ ከእጃቸው አምልጦ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ።

ይህን ከበር ጀርባ ሆና የሰማች አንዲት ሴት ነበረች። ያኔ ሕፃን ነበረች፤ ዛሬ ሃምሳ ዓመቷን አልፋለች። እናቷም አክስቷም የሉም። ሳቁን ታስታውሳለች። አክስቷ ምን ብላ እንደመለሰች ግን እምቢ ብሎ አልመጣላትም። የሚያስታውስ ሰው ቢኖር፣ ያን ቀን ከጎኗ ቆማ አብራት የሰማችው ታላቅ እህቷ የሻረግ ናት። የሻረግ ደግሞ ከአጥሩ ወዲያ ናት። ስታስል እንኳ ትሰማታለች። ግን አይነጋገሩም።

ለምን? በእናታቸው ተዝካር ላይ፣ በሰው ፊት፣ ይህችው ታናሽ «አንቺ መቼ አስታመምሻት!» ስላለቻት። አራት ዓመት ሆነ።

መቼም ታውቃላችሁ፤ እርጥብ ጋቢ ለሁለት ነው የሚጨመቀው። አንዷ በዚህ ጫፍ፣ ሌላዋ በዚያ። ይህች ሴት የሰፈሩን ጋቢ እያጠበች ነው የምትኖረው። ታዲያ አንዱን ጫፍ ከቧንቧው ብረት ጋር ታስርና ሌላውን ብቻዋን ትጠመዝዛለች። አራት ዓመት ሙሉ ብረቱ እህቷ ሆነ።

ቀኝ ክርኗ ታመመ። ወጌሻ አሻት፤ ባሰባት። ቅባት ቀባች፤ ምንም። የሻይ ብርጭቆ ማንሳት ሲያቅታት ሆስፒታል ሄደች።

ባለሙያው ክርኗን ከውጪ በኩል ጫን ሲላት ጮኸች።

«ቴኒስ ኤልቦ ይባላል፣ እናቴ፤ የቴኒስ ተጫዋች ክርን እንደማለት ነው።»

«ቴኒስ? በዚህ ዕድሜዬ ኳስ ስመታ አየኸኝ?»

«ከሚመጡልኝ አብዛኞቹ ራኬት ነክተው አያውቁም» ብሎ ሳቀ። «የሚያምዎት ክርንዎ ላይ ነው፤ ጥፋቱ ግን የክርንዎ አይደለም። ሲጨብጡና ሲጠመዝዙ የሚሠራው የክንድ ጡንቻ፣ ጅማቱ የሚያያዘው እዚህች አጥንት ላይ ነው። ያለ ዕረፍት ሲጎተት ይጎዳል። ስለዚህ መጠምዘዙን ያቁሙ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልለው ይያዙበት። ሕመሙ ረገብ ሲል ትንሽ የውሃ ፕላስቲክ ጨብጠው፣ መዳፍዎን ወደ መሬት አድርገው፣ ክንድዎን ጠረጴዛ ላይ አሳርፈው፣ እጅዎን ከአንጓው ቀስ እያሉ ዝቅ ያድርጉ። በየቀኑ። ወራት ሊፈጅ ይችላል።»

«ጋቢውንስ?»

«የሚይዝልዎት ሰው የለም?»

የለኝም ልትል አፏን ከፈተች፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው ሳል ትዝ አላት፤ አፏን ዘጋችው።

ወገኖቼ፣ እዚህ ላይ ትንሽ ቆዩልኝ። ስንቶቻችን ነን የሚያመንን ቦታ ብቻ የምናሽ? እንቅልፍ አጣሁ እንላለን። ጸሎቴ ደረቀብኝ እንላለን። ቤቴ ቀዘቀዘብኝ እንላለን። እናሻለን፣ እንቀባለን። እጃችን ግን ምን ጨብጦ ነው? እናንተስ፣ ሰው ሊይዝላችሁ የሚገባውን ጫፍ ከየትኛው ብረት ጋር አሰራችሁት? ይቅርታ ጠይቃችሁ ስትመለሱ ሕመሙ በዚያው ቀን ይለቃል አልላችሁም። ቀስ እያለ ነው፤ በየቀኑ ነው። ግን መጀመሪያ መጠምዘዙ ይቁም! የናፈቃችሁት ሰው እኮ ከአጥር ወዲያ እያሳለ ነው።

ሴትዮዋ ሦስት ቀን አሰበች። በአራተኛው ቀን እርጥቡን ጋቢ ሳፋው ውስጥ ትታ የእህቷን በር አንኳኳች። የሻረግ ከፈተች። ከኋላዋ፣ ግድግዳው ላይ፣ ትልቅ ሚስማር ተመትቷል፤ ሚስማሩ ላይ የጋቢ ጫፍ ታስሯል።

«እትዬ፣ ያን ቀን ያልኩሽ ሐሰት ነው። አስታምመሻታል።»

የሻረግ በሩን ይዛ ቆመች።

«እትዬ... ጋቢው ጭቃ ላይ የወደቀ ዕለት አክስታችን ምን ነበር ያለችው?»

የሻረግ ከንፈር ተንቀጠቀጠ፤ ሳቅ ይሁን ልቅሶ አይለይም።

«‹ቀስ በይ እንጂ፣ ጋቢ ነው፤ ባልሽ አይደለም!› ነበር ያለቻት።»

ሁለቱም ሳቁ። የሻረግ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ የእህቷን ክንድ አየች።

«ምን ሆነሽ ነው ያቀፍሽው?»

«ብቻዬን ስጠመዝዝ...»

«በይ፣ ሳፋሽ ወዴት ነው? እኔ መጥቼ እጠመዝዛለሁ» አለች የሻረግ። «አንቺ በግራሽ ያዢልኝ ብቻ።»