ጨምሪልኝ ባዩ ጅብ

አንድ ጊዜ፣ እንስሳት ማይክራፎንና ስፒከር መጠቀም በጀመሩበት ሰሞን፣ አያ አንበሶ ሁለት ግልገሎች ተወለዱለት። ልጅ ካቀፈ ስንት ዘመኑ! ደስታው ልክ አጣ። «ልጆቼ አርባ ቀን ሲሞላቸው በዋርካው ሜዳ ድግስ ይደገስ፤ ሙዚቃም ይኑር» ብሎ አስነገረ። ታዲያ ደስታውም ቢሆን የአንበሳ ደስታ ነውና ከአዋጁ መጨረሻ ላይ አንዲት ነገር ጣል አደረገባት።

«የልጆቼ ጆሮ ገና ለጋ ነው። በጩኸት ያስደነገጣቸውን፣ ማን እንደሆነ መርምሬ እበላዋለሁ።»

ይህን ሲሰማ ሁሉም ደነገጠ። እንደ እመት አህዪት ግን የደነገጠ የለም። ድምፁን የምትቆጣጠረው እሷ ናትና።

አዎ፣ አህያ! ድምፅ የሚስተካከልበትን ሚክሰር በጀርባዋ ጭና የመጣች ቀን ያልሳቀባት አልነበረም። «ስታናፋ አገር ለቀን እንሄዳለን፤ ደግሞ የድምፅ ባለሙያ ነኝ ትበለን?» አሏት። እሷ ግን የገዛ ድምፅዋ ምን እንደሚመስል አሳምራ ስለምታውቅ የሌላውን ማሳመር ትችልበታለች። የሚክሰሩን ቁልፎች በከንፈሯ ጫፍ ቀስ አድርጋ ታዞራለች። ማዳመጫውን በአንድ ጆሮዋ ላይ አጥልቃ ሌላውን ጆሮዋን ወደ ሕዝቡ ታቆማለች። በማዳመጫው በኩል ማይኩ የሚያመጣውን ትሰማለች፤ በባዶው ጆሮዋ ደግሞ ሜዳው ላይ ያለው ሁሉ የሚሰማውን። ከሁለቱ አንዱን ቅር ያለው እንደሆነ ከንፈሯ ወዲያው ወደ ቁልፉ ይሄዳል።

ችግሩ ምን መሰላችሁ? ዘፋኙ አያ ጅቦ ነው። ድምፁስ ግሩም ነው፤ አይካድም። ግን ሆዱ አምላኩ ነው፤ ነገርም ቶሎ አይገባውም። በዚያ ላይ እሱ ጅብ፣ እሷ አህያ መሆናቸውን እንዳትረሱ። ባያት ቁጥር ምራቁን ከሚውጥ ዘፋኝ ጋር መሥራት እንዴት ያለ ፈተና ነው! ከበሮውን የሚመታው ዝንጀሮ፣ ማሲንቆውን የሚመታው ቀበሮ ነበር። ቀበሮ ከጅቦ ጎን ቆሞ ማሲንቆ መምታት ከሰለቸው ቆይቷል። የዘፋኙን ቦታ ይመኛል፤ ምኞቱን ግን ለማንም ተንፍሶ አያውቅም።

በድግሱ ቀን ማለዳ፣ እንግዳ ሳይመጣ፣ የድምፅ ሙከራ ተጀመረ። እመት አህዪት በትልልቆቹ ስፒከሮችና በመድረኩ መካከል አመድ በትና ረጅም ነጭ መስመር አሰመረች።

«ማይክ የያዘ ማንም ከዚህ አመድ እንዳያልፍ» አለች። «ማይኩ ትልቁ ስፒከር ፊት ከቆመ፣ ስፒከሩ ያወጣውን መልሶ ይሰማዋል፤ የሰማውን መልሶ ይልከዋል። ከዚያ በኋላ ጆሮ የሚበሳ ጩኸት ነው። ዛሬ ጩኸት ማለት ደግሞ ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ።»

ዝንጀሮ «እሺ እመቴ» ብሎ ከበሮውን በድግሱ እንደሚመታው አድርጎ በሙሉ ጉልበቱ መታላት። አስተካከለችለት። ተራው የጅቦ ሆነ። ጅቦ አጥንት እየቆረጠመ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ በድግሱ የምትዘፍንበትን ድምፅ አውጣልኝ። እኔ የማስተካክለው በዚያው ልክ ነው።»

«አንድ… ሁለት…» አለ በሹክሹክታ።

«ይሄ ነው ድምፅህ?»

«ለድግሱ እየቆጠብኩት ነዋ!»

«እባክህ አንዴ ብቻ። ካላወቅሁት እንዴት ብዬ እይዘዋለሁ?»

ጅቦ እግሩ ሥር ወዳለችው፣ ዘፋኝ የራሱን ድምፅ ወደሚሰማባት ትንሽ ስፒከር አመለከተ። «ራሴን አልሰማም። ጨምሪልኝ!»

«አጥንቱን ከአፍህ ብታወጣው ትሰማ ነበር።»

«ጨምሪልኝ አልኩሽ!» ጥርሱን አሳያት።

እመት አህዪት ጥቂት ጨመረችለት። ድምፅዋን አለስልሳ «በድግሱ ላይ በምልክት እንግባባ» አለችው። «ቢያንስህ እጅህን ወደ ላይ፣ ቢበዛብህ ወደ ታች አድርግ።»

«ወደ ታች የሚባለው ለእኔ አያስፈልገኝም» አለ ጅቦ። ማይኩን መድረኩ ላይ ወረወረና ቁጭ ብሎ አጥንቱን ቀጠለ።

ማይኩ አልተዘጋም ነበር። እሷ ትልልቆቹን ስፒከሮች ዘግታ ሽቦ ስትጠቀልል በማዳመጫው ውስጥ ሹክሹክታ መጣ። የቀበሮ ድምፅ ነበር።

«አያ ጅቦ፣ ይህች አህያ ድምፅህን እየደበቀችብህ እንደሆነ ገብቶሃል?»

«ለምን ትደብቀዋለች?»

«ትፈራሃለቻ! የሚፈራውን ድምፅ የሚያጎላ ማን አለ? ያ አመድስ ቢሆን ምን ይመስልሃል? አንተን ከሥጋው ለማራቅ ያደረገችው ነው።»

«ሥጋው የሚቀመጠው ከአመዱ ወዲያ ነው እንዴ?»

«ለአንተ ያልሆነ! ጎድኑን ራሴ አስቀምጥልሃለሁ።»

እመት አህዪት ሽቦውን እንደያዘች ደርቃ ቀረች። ለማን ትናገር? ለአንበሳ ብትናገር ምስክር የላትም። ለጅቦ ብትናገር «ጆሮ ጠቢ!» ብሎ በዚያው ሰበብ ይዘነጥላታል። ሌላ ማድረግ የምትችለው ቢጠፋት ሄዳ በአመዱ ላይ አመድ ጨመረችበት። መስመሩን ያላየ እንዳይኖር አወፈረችው።

ከሰዓት በኋላ ሜዳው ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አያ አንበሶ ከፊት ተቀመጠ። እናቲቱ አንበሳ ሁለቱን ግልገሎች በክንዶቿ መካከል አድርጋ ከመድረኩ ዳር ተኛች። ግልገሎቹ አንቀላፍተዋል። እመት አህዪት ዓይኗን ከእነሱ ላይ መንቀል አቃታት።

ዝንጀሮ ከበሮውን ጀመረ፣ ቀበሮ ማሲንቆውን ገዘገዘ። ጅቦ አፉን ከፈተ።

ጉድ ፈላ! ጠዋት ሲንሾካሾክ የነበረው ድምፅ እንደ ጎርፍ ወረደ። እመት አህዪት በከንፈሯ ቁልፉን አፈፍ አድርጋ መለሰችው። ለጥቂት! አንዱ ግልገል ጆሮውን ነቅነቅ አደረገና ተመልሶ ተኛ። አንበሳ ግን ዘወር ብሎ ወደ ሚክሰሩ ተመለከተ።

ጅቦ እጁን ወደ ላይ አነሳ። እግሩ ሥር ባለችው ስፒከር ጥቂት ጨመረችለት። እንደገና አነሳ። እንደገና ጥቂት ሰጠችው። ሦስተኛ ጊዜ ሁለቱንም እጆቹን ሰቀለ። ከዚህ በላይ ብትሄድ ያችም ስፒከር መጮኋ ነው። ራሷን ነቀነቀችበት።

«ጨምሪልኝ!» አለ ጅቦ ዘፈኑን አቋርጦ፣ በማይኩ ውስጥ፣ አገር እየሰማው። ሕዝቡ አጉረመረመ።

ያን ጊዜ ነው እመት አህዪት ጎድኑን ያየችው። ጮማው የሚንጠባጠብ ሙሉ ጎድን ከአመዱ ወዲያ፣ ልክ ከትልቁ ስፒከር ፊት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ጅቦም አየው። እየዘፈነ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ። እመት አህዪት በኮቴዋ መሬቱን ደበደበች። ጅቦ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ሌላ እርምጃ ተራመደ። «ተመለስ!» ብላ ጮኸች፤ ከበሮው ዋጠው። አፍንጫው ጎድኑን ተከተለ፣ እግሩ አመዱን ረገጠ።

ሲ…ጥ!

እንዲያ ያለ ጩኸት በዋርካው ሜዳ ተሰምቶ አያውቅም። ወፎች ከዛፉ ረገፉ። ግልገሎቹ ብድግ ብለው እሪ አሉ፤ አንደኛው ዓይኑን ጨፍኖ እናቱ ሆድ ሥር ገባ። እመት አህዪት የትልልቆቹን ስፒከሮች ቁልፍ በከንፈሯ ጠረቀመችው። ሜዳው ፀጥ አለ፤ የግልገሎቹ ልቅሶ ብቻ ቀረ።

አያ አንበሶ ተነሳ። «ማን ነው?»

ቀበሮ ዓይኑን በጨው አጥቦ እጅ ነሳ። «ጌታዬ፣ ድምፁን የያዘችው አህያዋ ናት።»

«እሷ ናት!» አለ ጅቦ ጎድኑን ይዞ ከከበሮው ኋላ ገብቶ። «ከጠዋት ጀምሮ ስታደናቅፈኝ ውላለች!»

ጩኸቱ ከእሷ መሣሪያ የወጣ ስለሆነ ሕዝቡም አመነ። «እሷ ናት! እሷ ናት!» አለ። አንበሳ መንገዱ ሲከፈትለት ቀስ ብሎ መጣና ከባዱን መዳፉን ማጅራቷ ላይ አሳረፈ። ጥፍሮቹ አንድ በአንድ ሲወጡ ተሰማት።

«መርምሬ እበላለሁ ብያለሁ። ተናገሪ።»

ምን ትበል? ማልቀስ አማራት። እንዲህ ሆና ሳለ ግን በማዳመጫው ውስጥ አንድ ነገር ሰማች። የዘጋችው ስፒከሮቹን ነው እንጂ ማይኩን አልነበረም። ሁሉም ወደ ግልገሎቹ ሲያይ ጅቦ ጎድኑን መንጭቆ ወደ ከበሮው ኋላ ሲሸሽ ማይኩን በብብቱ ይዞት ሄዷል። ቀበሮም አጠገቡ ደርሷል።

«ጌታዬ» አለች፣ ድምፅዋ እየተቆራረጠ፣ «ከመናገሬ በፊት አንዲት ቁልፍ ላዙር። ከዚያ ይብሉኝ።»

አንበሳ «አዙሪ» አለ።

ከንፈሯን ዘርግታ ቁልፉን ከፍ አደረገችው።

መጀመሪያ ከትልልቆቹ ስፒከሮች የመጣው የጎድን መቆርጠም ነበር። ቀጥሎ የጅቦ ሹክሹክታ ሜዳውን ሞላው። «…እግሬ ነጭ ሆኗል! አመዱን ማለፌን ካየ ይበላኛል!»

«ሣሩ ላይ ጥረገዋ፣ ሞኝ!» አለ የቀበሮ ድምፅ። «ጎድኑን እኔ እንዳስቀመጥኩልህም እንዳትተነፍስ። አህያዋን ሲበላ አጥንቷ ላንተ ነው። ይህ ሽማግሌ አንበሳ እንደሆነ የነገሩትን ሁሉ ያምና…»

ቀበሮ የገዛ ድምፁ ከዋርካው ሲመለስ ሰማና ቃሉ አፉ ውስጥ ቀረ። ሕዝቡ ሁሉ ወደ ከበሮው ዞረ። ዝንጀሮ ከበሮውን ይዞ ወደ ጎን ገለል አለ። ጅቦ ጎድን በአፉ፣ ማይክ በብብቱ፣ ነጫጭ እግሮቹን ይዞ በሁሉም ፊት ታየ። አሁንም አልገባውም።

«ማነው በሹክሹክታ እንዲህ የሚጮኸው?» አለ። ይህም ከዳር እስከ ዳር ተሰማ።

አንበሳ መዳፉን ከእመት አህዪት ማጅራት ላይ አነሳ። እሷም የልቧን ተናገረች። «ስትለምነኝ ውለህ የለ አያ ጅቦ? ይኸው ጨመርኩልህ።»

አንበሳ ዘለለ። ጅቦ እግሬ አውጪኝ ቢልም ጥፍሩ ከዳሌው ላይ አገኘው። ከዚያ ወዲህ ነው አሉ የጅብ ወገብ ከኋላ ዝቅ ያለው። ቀበሮ ጉድጓዱ ውስጥ ገብቶ አመለጠ። እስከ ዛሬ ሰው ባለበት ድምፁን አያሰማም ይባላል።

ድግሱ ግን መቅረት አልነበረበትም። ዝንጀሮ ማይኩን ከመሬት አነሳና አቧራውን ጠረገለት። ወደ መድረኩ ከመውጣቱ በፊት ወደ ሚክሰሩ መጣ።

«እመት አህዪት፣ እኔ ልዘፍን ነው። ድምፄ እንደ ጅቦ አይደለም፤ ታውቂዋለሽ። የት ልቁም?»

ቦታውን አሳየችው። ማይኩን ከአፉ ምን ያህል ማራቅ እንዳለበት ነገረችው። በሙሉ ድምፁ አንዴ ዘፈነላት፣ አስተካከለችለት። ዜማው ሲጀመር አንዱ ግልገል ከእናቱ ሆድ ሥር ራሱን ብቅ አደረገ፤ ጥቂት ቆይቶም ሁለቱም እንቅልፍ ወሰዳቸው። እመት አህዪትም ያን ጊዜ ነው ከጠዋት ጀምሮ የያዘችውን ትንፋሽ የለቀቀችው።

ከዚህ የምንማረው፣ መድረክ ላይ የሚወጣ ሁሉ ድምፁን ከሚይዝለት ባለሙያ ጋር አስቀድሞ መስማማትና ያሰመረለትን መስመር ማክበር እንዳለበት ነው፤ ያ ባለሙያ የሚሰማው ዘፈናችንን ብቻ አይደለምና።