የገበቴ መሮና ትንሿ ሳህን

«አንድ ሰው ነበረ» አሉ የኔታ፣ ጥያቄውን ሳያስጨርሱት።

ዲያቆን ልሳነወርቅ በዚያ ሳምንት በዚሁ ጉዳይ ሲመጣ ሦስተኛ ጊዜው ነበር። ታናሽ ወንድሙ ትንሽ ሴት ልጁን ከቀበረ ወዲህ ቤቱን ዘግቶ ተቀምጧል። ዲያቆኑ ሁለት ጊዜ ሄዶ ስለ ትዕግሥት ሰብኮለታል፤ ወንድሙ ሁለቴም ጀርባውን ሰጥቶታል። አሁን ማወቅ የሚፈልገው፣ ከየትኛው መጽሐፍ ጠንከር ያለ ቃል ቢጠቅስለት እንደሚሻል ነው።

«ተቀመጥ። አንድ ሰው ነበረ ብዬሃለሁ» አሉትና እንዲህ ነገሩት።

ሰውየው ቶርኖ በሚባለው ማሽን እንጨት እያሽከረከረ የሚፈለፍል ባለሙያ ነበር። ስሙ የተጠራው በትልልቅ ገበቴ ነው። ለዚህ ሥራ አንድ መሮ ነበረው፤ ከጭነት መኪና ባሌስትራ የተቀጠቀጠ፣ ክንድ የሚያህል፣ አፉ ሰፊ። ሰው ገበቴውን ሲያደንቅለት እሱ መሮውን ያሳይ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ሴት ሦስት የዋንዛ ጉማጅ በአህያ ጭና መጣች። የባሏ እጅ ይንቀጠቀጣል፤ የያዘው ሁሉ ይደፋበታል። ሰው ፊት መብላት አፍሮ ከማዕድ ከቀረ ከርሟል። ስለዚህ በመዳፉ ሙሉ የሚጨብጣት፣ ሆዷ ሰፋ፣ አፏ ጠበብ ያለ፣ ሾርባ ቶሎ የማትደፋ ትንሽ ጎድጓዳ ሳህን እንዲፈለፍልላት ለመነችው። ዋንዛውን ባሏ ራሱ የተከለው ነው፤ ነፋስ ጥሎት፣ የተረፈው ይኸው ሦስት ጉማጅ ብቻ ነበር።

ሰውየው የመጀመሪያውን ጉማጅ ቶርኖው ላይ አስሮ ያንኑ መሮ አነሣ። ውጭውን አሳምሮ አወጣው። ውስጡን ሲጀምር ግን መሮው ከጠርዙ ሥር ሊታጠፍለት አልቻለም። ቀጥ ያለ ብረት እንዴት ይታጠፋል? ገፋው። መሮው ጠርዙን ነክሶ ሳህኗን ለሁለት ሰነጠቃት። ሴትዮዋ ስትመጣ፣ እንጨቱ ከመጠን በላይ ደርቋል አላት።

ጎረቤቱ የሆነ ሌላ እንጨት ሠሪ ስንጥቁን አይቶ፣ ለእንዲህ ያለ ሥራ ቀጭን፣ ጫፉ ቆልመም ያለ መሮ እንደሚያስፈልግ መከረው። ሰውየው ተቆጣ። በዚህ መሮ የስንቱን ድግስ ገበቴ ፈልፍዬ፣ ዛሬ የጆሮ መኮርኮሪያ የሚያህል ብረት ልያዝ ወይ አለ። ጎረቤቱ ሲሄድለት ያንኑ መሮ ይስለው ጀመር። ስሎ ስሎ ሁለተኛውንም ሰነጠቀ። በዚህኛው ደግሞ፣ መብራቱ አንዴ ከፍ አንዴ ዝቅ እያለ አስቸገረኝ አላት።

ሴትዮዋ ሦስተኛውን ጉማጅ ወዲያው አልሰጠችውም። መሬት ላይ ከወደቀው ስንጣሪ የሳህኗን ግማሽ አነሣች። መሮውን ከእጁ ተቀብላ ከስንጣሪው ላይ አጋደመችው፤ መሮው አፉን ሞላው እንጂ ወደ ሆዱ አልደረሰም። ከዚያ መሮውን አስቀምጣ ጣቷን ከጠርዙ ሥር አጠፈችው።

«ወንድሜ፣ መድረስ ያለብህ እዚህ ነው» አለችው። «መሮህን ስታይ ከረምክ። እዚህ ውስጥ አንድ ቀን አይተሃል?»

አላየም ነበር። የዚያኑ ዕለት ቀጥቃጭ ዘንድ ሄዶ አንድ ያረጀ ቀጭን ሞረድ ጫፉን አስቆልምሞ፣ አስሎ መጣ። ሴትዮዋ ይህን አይታ የሰጠችውን ሦስተኛ ጉማጅ ሲሠራ ጥቂት ይፈለፍላል፣ ማሽኑን ያቆማል፣ ጣቱን ከትቶ ይዳስሳል፣ እንደገና ይፈለፍላል። ሁለት ቀን ፈጀበት፤ ሳህኗ ግን ወጣች። በሳምንቱ ባልየው ከልጆቹ ጋር ማዕድ ቀረበ።

የኔታ ይህን ብለው ዲያቆኑን ትክ ብለው አዩት።

«ያ ሰው አንተ ነህ። መሮህ ስብከትህ ነው። ለጉባኤ መልካም ነው፤ እኔም አመስግኜሃለሁ። የወንድምህ ሐዘን ግን አፉ ጠባብ ነው። ሁለቴ ገብተህ ሁለቴ ሰነጠቅኸው፤ ልቡ ደንድኗል እያልክ ደግሞ በእሱ ታሳብባለህ። ዛሬ የመጣኸው መሮህን እንድስልልህ ነው። አልስልልህም። መጽሐፍህን እዚህ ትተህ ሂድ። ልጅቷ ምን ትወድ እንደነበር ጠይቀው። ከዚያ አፍህን ዘግተህ አድምጥ።»

ዲያቆኑ መጽሐፉን መደቡ ላይ አኑሮ ተነሣ። በሩ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ ዘወር ብሎ ሊናገር ሲል የኔታ እጃቸውን አነሡ።

«ቢያለቅስ ምን ልበለው ልትለኝ ነው» አሉት። «ምንም።»