የአያ ጅቦ ንስሐ እና የእመት አህያ በር

አንድ ጊዜ፣ ዐቢይ ጾም ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ አያ ጅቦ ንስሐ ገባ ተብሎ በሸለቆው ሁሉ ተወራ። ወሬው እመት አህያ ዘንድ ሲደርስ እሷ የእሾህ አጥሯን ቀዳዳ እየደፈነች ነበር። አምና በዚያው ቀዳዳ ገብቶ ባሏን የበላው አያ ጅቦ ነው። አሁን የቀራት አንድ ልጇ ዱቡሌ ብቻ ነው። ዱቡሌ እንደ ስሙ ክብ ብሎ የወፈረ፣ ጅብ ምን እንደሆነ ገና ያልገባው ውርንጭላ ነው።

ወሬውን ያመጣችው ጦጣ ናት።

«ነጠላ አጣፍቷል እኮ!» አለች አጥሩ አጠገብ ካለው ዛፍ ላይ ተንጠልጥላ። «መቋሚያም ይዟል! የሚያስተምረው አለቃ ቀበሮ ነው። ነገ ዋርካው ሥር በሁሉም ፊት ይቅርታ ይጠይቅሻል፤ እንዳትቀሪ!»

«ነጠላውን ከየት አመጣው?» አለች አህያ።

«እሱን እንኳ አልጠየቅንም» አለች ጦጣ።

በማግስቱ አራዊቱ በሙሉ ዋርካው ሥር ተሰበሰቡ። ንጉሥ አንበሳ ከፍ ካለው ድንጋይ ላይ ጋደም ብሏል። ከጎኑ አለቃ ቀበሮ ቆሟል። አለቅነቱን ማን እንደሰጠው የሚያውቅ የለም፤ ቀስ ብሎ ስለሚናገርና ዐይኑን ጨፍኖ ስለሚጸልይ ብቻ ሁሉም እንዲያ ይለዋል። ሲጸልይ የሚጨፍነው አንዱን ዐይኑን ብቻ እንደሆነ ዶሮዎች ያውቃሉ፤ ግን ዶሮዎችን ማን ይሰማል?

አያ ጅቦ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ እየተንፏቀቀ መጣ። ድንጋዩ ትንሽ ነው፤ ማቃሰቱ ግን ትልቅ ነበር።

«እመት አህያ፣ በድዬሻለሁ!» ብሎ እግሯ ሥር ወደቀ። «ባልሽን በልቻለሁ! ጆሮውን ግን ትቼልሻለሁ፤ እግዚአብሔር ምስክሬ ነው!»

«ውይ፣ እንዴት ያለ ቅን ልብ ነው!» ብላ ጦጣ አለቀሰች።

እመት አህያ ዓመቱን ሙሉ ቂሙን ይዛ ዞራለች፤ በዕድሜዋ ከተሸከመችው ጭነት ሁሉ እሱ ይከብድ ነበር። ቂሙን ይዛ ወደ ጾሙ ልትገባ አልፈለገችም። ስለዚህ ዐይኗን ጨፈነች፤ እሷ ሁለቱንም ጨፈነች።

«ይቅር ብዬሃለሁ፣ አያ ጅቦ» አለች። «እግዚአብሔርም ይቅር ይበልህ።»

ከልቧ ነው ያለችው። ወዲያው ጀርባዋ ቀለል አላት። ወደ ቤቷ ልትመለስ ስትል ግን አለቃ ቀበሮ ጉሮሮውን ጠረገ።

«መልካም፣ እጅግ መልካም» አለ። «ግን ወገኖቼ፣ ይቅርታ በአፍ ብቻ ነው እንዴ? ይህ ምስኪን የሚኖርበት ዋሻ አጥንት በአጥንት ነው። ንስሐ የገባ ፍጡር የድሮ ኃጢአቱን ትራስ አድርጎ እየተኛ እንዴት ይጹም? ጾሙን እመት አህያ ቤት ቢያሳልፍ፣ ይቅርታዋ ፍጹም ይሆናል።»

«አሜን!» አሉ አራዊቱ በአንድ ድምፅ። የአሜን ዋጋ ለነሱ ምንም አልነበረም፤ የሚከፈተው የነሱ በር አይደለማ።

«ልጅ አለኝ እኮ» አለች አህያ ቀስ ብላ።

«ታዲያ ይቅር አላልሽማ!» አለ ቀበሮ፤ ራሱን በሐዘን ነቀነቀ።

ሁሉም ዞረው አዩዋት። እመት አህያ ጅብን ከመፍራቷ ይልቅ ክርስቲያን አይደለችም መባሉን ፈራችው። «እስከ ነገ ላስብበት» ብላ ሸሸች።

ከሰዓት በኋላ ጦጣ ልትመክራት መጣች። «እኔ አንቺን ብሆን ደስ ብሎኝ እቀበለው ነበር» አለች፣ ጅብ የማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ተመቻችታ። «ደግሞ ሰዉ ምን ይላል? ስምሽ ይጠፋል።»

ጦጣ ሳትጨርስ አያ ጅቦ ራሱ ነጠላውን እየጎተተ ከአጥሩ ውጭ ደረሰ። በእሾሁ መካከል አሾልኮ አየና ዱቡሌን ሲያገኘው ፊቱ በራ።

«እንዴት ዋላችሁ ቤተሰብ? ልጁ አደገ አይደል! እግዚአብሔር ይመስገን፣ እንዴት ሞላ ብሏል! የሚተኛው በየት በኩል ነው?»

«ለምን ፈለግኸው?» አለች አህያ።

«ለጸሎት ነዋ! ወዴት ዞሬ እንደምጸልይለት እንዳውቅ ብዬ ነው።»

አህያ ጆሮዋን አቆመች። «አያ ጅቦ፣ እውነቱን ንገረኝ። ልጄን አትነካውም?»

«እኔ?» አያ ጅቦ ደረቱን መታ። «አይዞሽ እመት አህያ! ጾሙ እስኪያልቅ ሥጋ የሚባል በጥርሴ አያልፍም። ምያለሁ!»

«ጾሙ ካለቀ በኋላስ?»

ጅብ ግራ ተጋባ። አለቃ ቀበሮ ይህን ጥያቄ አላስጠናውም። ምራቁን ዋጥ አደረገና፣ «ከዚያ በኋላማ ፋሲካ ነው!» አለ።

ጦጣ ድንገት የምትሄድበት ቤት ትዝ አላት።

እመት አህያ ብቻዋን ስትቀር ተንበርክካ ጸለየች። «ጌታዬ፣ ይቅር ብዬዋለሁ። አንተ ታውቃለህ። ታዲያ በሬን መዝጋቴ ለምን ያሳፍረኛል?» በዚህ መሃል የደብሩ ቄስ ትዝ አሉዋት፤ ስንዴና ውኃ ስታመላልስላቸው ብዙ ጊዜ አይታቸዋለች። የቤተ ክርስቲያኑን ጧፍ የሰረቀውን ሌባ ይቅር ብለው፣ መስቀል አሳልመውና መርቀው ሸኙት። ከዚያ ዕቃ ቤቱን ቆልፈው ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ቄሱ ሲያደርጉት አንድም ሰው «ይቅር አላሉማ» አላላቸውም። አህያ ይህን ስታስብ ተነሳችና የበሯን መወርወሪያ በደንብ አጠበቀች። ከዚያ እንቅልፍ ወሰዳት።

በማግስቱ ዋርካው ሥር ደረሰችና በንጉሥ አንበሳ ፊት ቆመች።

«ንጉሥ ሆይ፣ አያ ጅቦን ይቅር ብዬዋለሁ። አልረግመውም፣ ክፉም አልመኝለትም። ቢታመም ውኃ አደርስለታለሁ። በሬን ግን አልከፍትለትም።»

አራዊቱ አጉረመረሙ። አለቃ ቀበሮ ዐይኑን፣ ያንኑ አንዱን፣ ወደ ሰማይ ሰቀለ። «አያችሁ ወገኖቼ? እንግዳ መቀበል የጽድቅ ሥራ መሆኑን ዘነጋችው!»

«እውነትዎን ነው፣ አለቃ» አለች አህያ። «ይህን ጽድቅ እኔ ኃጢአተኛዋ ልወስድብዎ አይገባም። ለንስሐ ገቢ ከመምህሩ ቤት የተሻለ የት ይገኛል? እርስዎ ዘንድ ይጹም።»

«አሜን!» አሉ አራዊቱ፤ ከሁሉ በላይ የጮኸችው ጦጣ ናት።

ቀበሮን ሳል ያዘው። «እኔማ... ቤቴ ጠባብ ነው... ደግሞም ልጆች አሉኝ...»

«ታዲያ ይቅር አላሉትማ!» አለች አህያ።

አንበሳ ፈገግ አለ። አያ ጅቦ ግን ነገሩ አልገባውም። ወደ ቀበሮ ጠጋ ብሎ፣ የተንሾካሾከ መስሎት ሸለቆው እስኪሰማ፣ «አለቃ፣ ታዲያ ውርንጭላው እንዴት ሊሆን ነው? ጭንቅላቱ ያንተ፣ ሌላው የኔ ብለን ነበር እኮ!» አለው።

 ትናንት አሜን ያሉት ሁሉ ዛሬ ሣሩን ማየት ጀመሩ።

«መልካም» አለ አንበሳ ተነስቶ። «የሁለታችሁ ንስሐ አንድ ነው፤ ጾማችሁንም አንድ ቤት ጹሙ። ተወስኗል።»

ጾሙ በገባ በሳምንቱ፣ ማለዳ፣ የእመት አህያ በር ተንኳኳ። በእሾሁ መካከል አሾልካ ብታይ አለቃ ቀበሮ ነው። ከስቷል። ዞር ሲልማ ጅራቱ የለም።

«በላው!» አለ ቀበሮ እያለቀሰ። «ጾም እኮ ነው ስለው፣ ‹ጅራት ሥጋ አይደለም፣ ጸጉር ነው› ብሎ በላው! ልጆቼን ይዤ ወጣሁ። ወይ እመት አህያ፣ በድዬሻለሁ፤ በሩን ክፈችልኝና ካንቺ ዘንድ ልጠለል!»

«ይቅር ብዬዎታለሁ፣ አለቃ» አለች አህያ።

ይህንንም ከልቧ ነው ያለችው። ለልጆቹ አንድ ቅል ውኃ በአጥሩ ላይ አሻግራ ሰጠች፤ ለቁስሉም የሚሆን ቅጠል ጨመረችለት። ከዚያ የበሯ መወርወሪያ መጥበቁን አየችና ወደ ዱቡሌ ተመለሰች።

ከዚህ የምንማረው ልብን ከቂም ማጽዳት የክርስቲያን ግዴታ ቢሆንም፣ ለበዳይ በርን መክፈት ግን ማስተዋል የሚጠይቅ ሌላ ጉዳይ መሆኑንና፣ በሰው በር ላይ ይቅርታን የሚሰብክም አስቀድሞ የራሱን በር ሊከፍት እንደሚገባ ነው።