የቁም ጸሐፊው ልጅ የመጀመሪያ ቃል

አንድ ቁም ጸሐፊ ነበር። ስሙ እንግዳሸት ይባላል። በአገሩ እንደ እሱ ፊደል አሳምሮ የሚጽፍ ሰው አልነበረም። ብራናው ላይ አንዲት የቀለም ጠብታ ብታርፍ እሷን ሲፍቅ ይውላል። ልብሱ ሁልጊዜ ነጭ ነው፣ ወለሉ የተጠረገ ነው፣ መቃ ብዕሮቹም በየቁመታቸው ተደርድረው ይቀመጣሉ። እንዲህ ተስተካክሎ ለሚኖር ሰው ልጅ ተወለደችለት።

ማንያህልሻል ብለው ስም አወጡላት። ልጅቷ ደኅና አደገች፣ ጥርስ አወጣች፣ በጊዜዋም ቆማ ሄደች። ግን ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር ሲቀራት አንድም ቃል አልተናገረችም። ደንቆሮ ናት እንዳትባል፣ በር ሲንኳኳ ከሁሉ ቀድማ የምትሮጠው እሷ ናት። ትስቃለች፣ ትጮኻለች፣ ሲከፋት መሬት ላይ ትንከባለላለች። ቃል ግን የለም። የጎረቤት ልጆች በእሷ ዕድሜ ማውራት አልፈው ሰው መሳደብ ጀምረዋል። እናቷ አጸደ ልጇን ባዘለች ቁጥር «አንድ ቀን እማዬ ትለኝ ይሆን?» እያለች ትተክዛለች። መንገደኛውም በራቸው ላይ ቆም ይልና «አሁንም አልተናገረችም?» ብሎ ይጠይቃል፣ ልክ መልሱ ከትናንት ወዲህ የተለወጠ ይመስል። አባትየው ይህን በሰማ ቁጥር ቆሽቱ ያርራል። በሆዱ ግን ፈርቷል። ዕድሜውን ሙሉ ቃል ሲጽፍ የኖረ ሰው ልጁ ያለ ቃል ልትቀር ነው።

ቤቱ የሥራ ቤት ስለሆነ ጸጥታ ያስፈልገዋል። ልጅቷ ወደ አባቷ መቀመጫ ከተጠጋች እናቷ ቶሎ ብላ ታነሣታለች። «አባትሽ እየጻፈ ነው፤ ተይው» ትላታለች። ቀኑ እንደዚህ ይጀምራል፣ እንደዚህም ይመሻል።

አንድ ቀን የአጸደ እህት ወለደች። አጸደም እህቷን ልታርስ ለሁለት ሳምንት ወደ ሌላ አገር ለመሄድ ተነሣች።

«ገንፎዋን በረድ ሲል ስጣት» አለችው ለባሏ። «ቀን ካልተኛች ማታ ታስለቅስሃለች። ከቀለምህም አርቃት።»

«ከቀለሜማ አርቃታለሁ» አለ እንግዳሸት። ማራቅ ቀላል ነገር መስሎት ነበር። ሕፃን ይዞ ቤት ያልዋለ ሰው ሁሉ እንዲህ ይመስለዋል።

በመጀመሪያው ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትሞቅ፣ ማንያህልሻል ክንዷን እስከ ክርኗ ድረስ ቀለም ማሰሮው ውስጥ ከተተች። ሦስት ወር ሙሉ ሲብላላ የቆየ ጥቁር ቀለም ነበር። አባቷ ሲደርስ ግድግዳው፣ ድመቱና የልጅቷ ግንባር ጠቁረዋል። ሊይዛት ሲል ማሰሮው ወደቀና ተሰበረ። ወለሉን ሲያጥብ የውሃውን እንስራ ገለበጠች። እንስራውን ሲያነሣ ብዕሮቹን በተነች። ብዕሮቹን ሲለቅም ድመቱን በጭራው ጎተተች። «ተይው፣ ማንዬ። ውሃውን ተይው። ብዕሩን ተይው። ድመቱን ተይው አልኩሽ እኮ።» ምሳ ሳይደርስ ድምፁ ተዘጋ።

በማግስቱ ሸክላ ሠሪዋ እማማ ብርቄ አዲስ ማሰሮ ይዘውለት መጡ። ጥቁሩን ግድግዳ አዩ፣ ጥቁሩን ድመት አዩ፣ ጥግ ላይ ያኮረፈችውን ልጅ አዩ።

«አለቃ፣ ይህች ልጅ የምትነካው ነገር አጥታ ነው የእርስዎን ቀለም የምትነካው» አሉት። «ጭቃ ይስጧት። ቅጠል ትልቀም፣ አበባ ትበጥስ። በየቀኑ ወደ ወንዙ ይውሰዷት። እኔ ዘጠኝ ልጅ ያሳደግሁት ጭቃ ውስጥ ነው። አንዱም ሳይናገር የቀረ የለም። እንዲያውም አንዱ እንኳ ዝም የሚል ቢሆን ባረፍሁ ነበር።»

እንግዳሸት ምክሩ አልተዋጠለትም። የመጽሐፍ ሰው ሆኖ ከጭቃ ጠፍጣፊ ልጅ ማሳደግ መማር ክብሩን ነካው። ግን ሌላ መላ አልነበረውም። ስለዚህ እሺ አለ፣ አለና እንደ ልማዱ ቀኑን በሥርዓት ከፋፈለ። ጠዋት ጭቃ፣ እኩለ ቀን አበባ፣ ከሰዓት በኋላ ወንዝ።

ለጭቃው ሰሌን አነጠፈ። ጭቃውን በወንፊት ነፍቶ፣ ለውሶ፣ እንቁላል የምታህል አድርጎ በሳህን አቀረበላት። ከዚያ ላም እንዴት እንደሚሠራ አሳያት። ላሟ ቀንድ ነበራት፣ ጡት ነበራት፣ ሻኛዋም አልቀረ። ማንያህልሻል ላሟን አንሥታ በመዳፏ ጨፈለቀቻት። ሁለተኛ ሠራላት፤ ሁለተኛዋንም ጨፈለቀች። ወደ ሦስተኛዋ ስትጠጋ «ተይው» አለና ላሟን ከፍ አድርጎ መደርደሪያ ላይ አስቀመጣት። ልጅቷ ወደ ላይ አየች፣ ከዚያ የቀረውን ጭቃ በላችው።

በሌላው ቀን ከበቆሎ ልባስ አሻንጉሊት ሠራላት፣ የበቆሎውን ጸጉርም በክር አሰረላት። ጸጉሩን ነቅላ ገንፎው ውስጥ ጨመረችው። በሌላው ቀን ቁርጥራጭ ብራና ሰጥቶ አበባ በሙጫ እንድትለጥፍ አደረገ። ቢጫውን ከቢጫ ጋር፣ ነጩን ከነጭ ጋር እንድታደርግ አስረዳት። አንድ ጊዜ ዞር ሲል ልጅቷ ሙጫውን ይዛ ሄዳለች። ሦስት ሳምንት የደከመበት ገጽ ላይ፣ ልክ በሳለው ጌጥ፣ በሐረጉ መካከል፣ አንድ ትልቅ የእንዶድ ቅጠል ተለጥፎ ተገኘ። በቅጠሉ ላይም አንድ ጉንዳን ነበር።

እንግዳሸት አልጮኸም። መጮህም ጉልበት ይፈልጋል። ግድግዳውን ተደግፎ መሬት ላይ ቁጭ አለ። ልጁን ይወዳታል፣ ግን በዚያች ሰዓት ለአንድ ቀን፣ ለግማሽ ቀን እንኳ የሚወስዳት ሰው ቢያገኝ እግሩን ይስም ነበር። ይህን በማሰቡም አፈረ። ደክሞታል፣ አፍሯል፣ ልጅቷ ደግሞ አሁንም አልተናገረችም።

ወንዙ ከሁሉ ይብስ ነበር። ነጭ ልብሱን ለብሶ፣ ጥላውን ዘርግቶ፣ እጇን ጨብጦ ይወስዳታል። ከደረሱ በኋላ ሁሉም ነገር አደጋ ነው። ድንጋዩ ያንሸራትታል፣ ሣሩ ይለበልባል፣ እንቁራሪቷ ምን እንዳላት አይታወቅም። «ድንጋዩን ተይው። እሾህ ነው፣ ተይው። ቆሻሻ ነው፣ ተይው።» ልጅቷን ነገር ሊያሳያት አምጥቶ የነካችውን ሁሉ ሲነጥቃት ይውላል፤ ይህን ያየ ሌላ ሰው ቢሆን ይስቅበት ነበር።

በዘጠነኛው ቀን ማንያህልሻል ከወንዙ ዳር ቁጢጥ ብላ ተቀመጠች። እርጥብ ድንጋይ ላይ አንድ ቀንድ አውጣ ይሄድ ነበር። ጣቷን ዘርግታ ቀንዱን ነካችው፤ ቀንዱ እጥፍ ብሎ ገባ። ጠበቀች፤ ተመልሶ ወጣ። ደስታ ፊቷን ሞላው። ቀና ብላ አባቷን አየችና በጣቷ እያሳየችው፣ በጠራ ድምፅ፣

«ተይው» አለች።

እንግዳሸት በነጭ ልብሱ ጭቃው ላይ ዘጭ አለ። ልጁ ተናግራለች። እንባው መጣበት፣ ሳማት፣ ደጋግሞ ሳማት። ትንሽ ቆይቶ ግን ነገሩ ከነከነው። አባዬ አላለችም፣ እማዬም አላለችም። አፏን ስትፈታ ያገኘችው ቃል አባቷን ማዘዣ ነው። እሱ ደግሞ ቀንድ አውጣውን አልነካም፤ ሊነካውም ሐሳብ አልነበረውም።

ልጁን ታቅፎ እማማ ብርቄ ሸክላ ወደሚሠሩበት ቦታ ወጣ። ከወንዙ ብዙ አይርቅም ነበር።

«ተናገረች፣ እማማ። ግን ምን አለች መሰለዎት? ተይው አለችኝ። አባቷን።»

እማማ ብርቄ እጃቸውን ከጭቃው ሳያወጡ አዩት። «አለቃ፣ ለወንድ ምንድን ነው የሚባለው?»

«ምን ማለትዎ ነው?»

«ወንድ ልጅ አንድ ነገር እንዲተው ሲፈለግ ተወው ነው የሚባለው። ተይው ለሴት ነው። ይህን እኔ ለፊደል ሰው ላስተምር?»

«ሕፃን ናት፤ ተሳስታ ነው።»

«እስኪ ያስቀምጧት» አሉት።

ልጅቷን መሬት ላይ አስቀመጣት። አሮጊቷ አንድ እፍኝ ጭቃ አንሥተው አሳዩአት። «ማንዬ፣ ይሄ ምንድን ነው?»

«ተይው» አለች ልጅቷ።

ማሰሮ ውስጥ ያለውን ውሃ አሳዩአት። «ይሄስ?»

«ተይው።»

አንድ ቅጠል ቆረጡ። ልጅቷ ጣቷን ዘረጋችና እየሳቀች፣ የሚያውቀውን እንደተጠየቀ ሰው፣ «ተይው» አለች።

እንግዳሸት ነገሩ ሲገባው ፊቱ ተለወጠ። ልጅቷ አላዘዘችውም። የነገሮቹን ስም እየጠራች ነበር። እሷ ወደ አንድ ነገር እጇን በዘረጋች ቁጥር ያ ነገር በዚህ ስም ሲጠራ ሰምታለች። ውሃውም ተይው ነው፣ ብዕሩም ተይው ነው፣ እሾሁም፣ ድመቱም። ስንት ጊዜ እንደነገራት መቁጠር አይቻልም። ጥሩ ተማሪ ናት፣ የተነገራትን ይዛለች።

እማማ ብርቄ ግን አልጨረሱም። ጭቃ በነካው ጣታቸው ወደ እንግዳሸት አመለከቱ።

«ይሄስ ሰውዬ ማን ነው፣ ማንዬ?»

ልጅቷ አባቷን አየችው። ማሰብ አላስፈለጋትም።

«ተይው» አለች።

ብዙ መጽሐፍ በቃሉ የሚያውቀው ሰው «አባትሽ እየጻፈ ነው፤ ተይው» የሚለው የቤቱ ቃል ትዝ አለው። አሮጊቷም ወደ ሸክላቸው ተመለሱ።

ማንያህልሻል ሁለት እጇን ጭቃው ውስጥ ነከረች። ከዚያ ወደ አባቷ መጣችና ሁለቱንም መዳፎቿን ነጩ ልብሱ ላይ፣ ደረቱ ላይ ለጠፈቻቸው። ቀና ብላም አፉን አፉን ታየው ጀመር። የለመደችው ቃል እንዲመጣ እየጠበቀች ነበር። ቃሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሷል። እንግዳሸት ታገለው። ብዙ ሰው አይገባውም ይሆናል፣ ግን በዕድሜው እንደዚያ የከበደው ቃል ጽፎ አያውቅም።

«ጭቃ» አለ።

ልጅቷ ግንባሯን ቋጠረች። «ተይው» ብላ አረመችው።

«ጭቃ፣ ማንዬ። ጭቃ ነው።»

መዳፏን ገልብጣ አየችው። አሸተተችው። የሆነ ነገር እንደተደበቀባት ሁሉ አባቷን በጥርጣሬ ተመለከተችው። ቆይታ ቆይታ፣ ቀስ ብላ፣ «ጭ…ቃ» አለች።

እናቷ እስክትመለስ ድረስ ማንያህልሻል አሥራ አንድ ቃል አወቀች። ውሃ፣ ቅጠል፣ ጉንዳን፣ ላም፤ ቀንድ አውጣን «ዳውጣ» ነው የምትለው። አጸደ ደርሳ ቤቱን ስታይ እጇን አፏ ላይ ጫነች፣ ምክንያቱም ቤቱ ቤት አይመስልም ነበር። ልጅቷ ግን ሮጣ «እማ» ብላ ቀሚሷን ያዘቻት። አጸደም ቤቱን ረስታ ልጇን አቀፈቻት።

አባዬ የሚለው ቃል ግን አልመጣም። አንድ ጊዜ የወጣ ስም ቶሎ አይለወጥም። ማንያህልሻል ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ አባቷን «ተይው» እያለች ነበር የምትጠራው። እንግዳሸትም ስሙ ከየት እንደመጣ ስለሚያውቅ፣ በጠራችው ቁጥር ብዕሩን ያስቀምጥና «አቤት» ይላታል።

ከሕፃን ጋር ቤት የዋለ ሰው ትዕግሥቱ ያልቃል፤ ይህ ኃጢአት አይደለም። ጭቃ ያቆሽሻል፣ ሙጫ ያጣብቃል፣ ወንዙም ያሰጋል። የሚከለከል ነገርም አለ፣ እሳት እሳት ነው። ግን ልጅ ዓለምን የሚያውቀው እኛ በጠራንለት ስም ነው። ሁሉን ነገር በክልከላ ከጠራንለት የሚማረው ክልከላችንን ነው፤ እኛንም ከማይነኩት ነገሮች ጋር አንድ ላይ ይቆጥረናል። ልጅን ሜዳ ማውጣትና እጁ ላይ ጭቃ ማድረግ ብቻውን አይበቃም፤ አብሮ ቁጢጥ ብሎ ይህ ቅጠል ነው፣ ይህ ጉንዳን ነው የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

እስኪ እርስዎም ያስቡት። ዛሬ ከጠዋት ጀምሮ ልጅዎ እጁን ከዘረጋበት ነገር ውስጥ ስንቱን በስሙ ጠሩለት? እርስዎስ በእሱ ቋንቋ ስምዎ ማን ይሆን?