የተቋጠረው ሙቀት

ሰው ነበረ፤ ቤትም ነበረው፤ እናትም ነበረችው።

እንዲህ ብለው የጀመሩት አሮጌው መምህር ወንድይራድ ናቸው። ሊጠይቃቸው የመጣው በሰፈሩ ትምህርት ቤት ሒሳብ የሚያስተምር አንድ ወጣት ነበር። ጥያቄው ይህ ነው፦ «አንዲት ተማሪ ነበረችኝ። ከኋላ ነው የምትቀመጠው። ሁልጊዜ ‹ገባሽ?› እላታለሁ፤ ‹ገባኝ› ትለኛለች። ፈተናው ላይ ግን ወደቀች፤ ትምህርቱንም ተወችው። እናቷ መንገድ ላይ አግኝታኝ ‹ልጄን ሳታያት ቀረህ› አለችኝ። እኔ ግን ሳልጠይቃት የዋልኩበት ቀን የለም። ጥፋቴ ምኑ ላይ ነው?»

መምህሩ ምሳሌውን ቀጠሉ።

ሰውየው ሀብታም ነበረ። የሚኖረው ውርጭ በሚወርድበት ከፍ ያለ አገር ነው። እናቱ አርጅታ ብቻዋን ስትቀር ከገጠር አምጥቶ በቤቱ ጀርባ በኩል ባለው ክፍል አኖራት። ያን ክፍል ፀሐይ አያገኘውም። ሐኪም ሳንባዋን መርምሮ «ብርድ እንዳያገኛት፤ ከእንግዲህ ብርድ አትችልም» ብሎት ነበር። ሰውየውም እናቱን ይወድ ነበርና ለቤቱ ሁሉ ማሞቂያ አስገባ።

ማሞቂያውን ሊያስገባ የመጣው ባለሙያ ጨዋታ የሚወድ ሰው ነበር። አንድ ሳጥን በሳሎኑ ግድግዳ ላይ ሰቀለ። ከዚያ እንቁላል የሚያካክሉ ነጫጭ ዕቃዎች ከካርቶን አወጣ።

«ጌታዬ፣ ይኼ ሳጥን ኃላፊው ነው» አለ። «ኃላፊ ደግሞ ከወንበሩ አይነሣም። እነዚህ ሴንሰሮች ናቸው በየክፍሉ ሆነው ብርዱንና ሙቀቱን ለክተው የሚነግሩት። ‹እዚህ በረደ› ሲሉት የዚያን ክፍል ማሞቂያ ያበራል፤ ‹ሞቀ› ሲሉት ያጠፋል።»

«ቢዋሹትስ?» አለ ሰውየው እየሳቀ።

«አይዋሹም። ያሉበትን ነው የሚናገሩት። ብቻ ቦታቸውን ይወቁላቸው። ምድጃ አጠገብ አይሁኑ፣ ፀሐይም አይንካቸው።»

ሁለቱ ተቀምጠው ሰዓቱን አስተካከሉ። ሳሎኑ እንግዳ በሚመጣበት ሰዓት እንዲሞቅ፣ መኝታ ቤቱ ማታ እንዲሞቅ፣ የእናትየው ክፍል ግን ቀንም ሌሊትም እንዳይቀዘቅዝ አደረጉ። የየክፍሉ ሙቀት በሰውየው ስልክ ላይ እንዲታይም አደረጉ። መልካም ሥራ ነበር።

የእናትየው ክፍል ሲደርሱ ግን ማጣበቂያው አልይዝ አለ። ግድግዳው እርጥበት ነበረው። ሴንሰሩ ተለጠፈ፣ ወደቀ፤ እንደገና ተለጠፈ፣ እንደገና ወደቀ። ባለሙያው «ይኼ መሰርሰር አለበት፤ መሰርሰሪያዬን ደግሞ አላመጣሁም» አለ። የሰውየው ስልክ ጠራ፤ የሚቸኩልበት ጉዳይ ነበረው። ዕቃውን ከወለሉ አነሣና በእናቱ መዳፍ ላይ አኖረው።

«እማዬ፣ ነገ አሰቅለዋለሁ። እስከዚያው አደራ፣ እንዳይወድቅ፣ እንዳይጠፋ።»

«ምንድን ነው ልጄ?»

«ላንቺ ነው። ኋላ እነግርሻለሁ።»

በማግሥቱ ሌላ ሥራ መጣ። ከዚያ በኋላም ሌላ። ኋላ እነግርሻለሁ ያለውንም አልነገራትም።

እናትየው አደራ ታውቃለች። በተወለደችበት አገር የሰው ዕቃ የተቀበለ ሰው የትም አይጥለውም። ዕቃውን በነጠላዋ ጫፍ ቋጠረችው። ቋጠሮውን ብብቷ ሥር ሸጎጠችው፤ ጋቢዋንም ከላይ ደረበችበት። ስትተኛ እንኳ ከገላዋ አትለየውም ነበር።

ዕቃውም ያለበትን ተናገረ። ያለበት ብብት ነበር። «እዚህ ሞቋል» አለ፤ ሳጥኑም የክፍሏን ማሞቂያ አጠፋው። ክፍሉ ቀዘቀዘ። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ እናትየው ተኮማተረች፤ ስትኮማተር ቋጠሮውን ይበልጥ ወደ ገላዋ አስጠጋችው። ዕቃውም «ሞቋል፣ ሞቋል» ይል ነበር።

ሰውየው ማለዳ ማለዳ ሥራ ከመሄዱ በፊት ስልኩን ያያል። ከቤቱ ሁሉ የሚሞቀው የእናቱ ክፍል ነው። ደስ ይለዋል። ካፖርቱን እንደለበሰ በሯ ላይ ብቅ ይልና «እማዬ፣ ሞቀሽ?» ይላታል።

«እግዚአብሔር ይመስገን» ትላለች።

«አንቺማ ቆላ ወርደሻል። ደጋ የቀረነው እኛ ነን።»

እሷም ትስቃለች። ስትስቅ ያስላታል።

አንድ ቀን «ልጄ፣ እግሬን ግን...» ብላ ጀመረች። ሳትጨርስ ስልኩን አዙሮ አሳያት። «ይኸው፣ ተመልከቺው።» ማንበብ አትችልም ነበር። ያየችው የልጇን ፊት ነው፤ ፊቱ ላይ ደስታ ነበር። ያን ደስታ ልትወስድበት አልፈለገችም። «እንግዲያው ብርዱ ከእኔው ነው፤ እርጅና ይሆናል» አለች። ስለ እግሯ ዳግመኛ አላወራችም።

ሚስቱ ምሳ አድርሳላት ስትመለስ «ያ ክፍል ደህና አልመሰለኝም። ሳህኑን ሳላስቀምጠው ነው ወጡ የረጋው» አለችው።

«አንቺ ከምድጃ ሥር ተነሥተሽ ሄደሽ ነዋ። ከኩሽና የወጣ ሰው ሁሉ ይበርደዋል» አለና ስልኩን አሳያት። እሷም ቁጥሩን አይታ አመነች።

ውርጩ በጠናበት ሰሞን አንድ ማለዳ ስልኩ ጮኸ። የእናትየው ክፍል ሙቀት እየወረደ ነበር። እንዲህ ያለ ነገር አይቶ አያውቅም። «ባትሪው አልቆ ይሆናል» አለና ፊቱን ታጠበ፤ ቁርሱን በላ፤ ከዚያ ሊያየው ሄደ።

በሩን ሲከፍት ሙቀት ፊቱን መታው። ማሞቂያው ባለ በሌለ ኃይሉ ይሠራ ነበር። የመስኮቱ መስታወት በላብ ተሸፍኗል። እናትየው እዚያ ከገባች ጀምሮ ያ ክፍል ሲሞቅ የመጀመሪያው ቀን ነበር።

እሷ ግን ቀዝቅዛ ነበር። ብብቷ ሲቀዘቅዝ ነው ዕቃው «እዚህ በረደ» ብሎ የተናገረላት።

የሚገንዟት ሴቶች ነጠላዋን ሲያነሡ ቋጠሮውን አገኙ። ወርቅ መስሏቸው ለልጇ ሰጡት። ጥብቅ አድርጋ ስለቋጠረችው በጥርሱ ነው የፈታው። ለቀስተኞች ወደዚያ ክፍል እየገቡ «ታድላ፣ በሞቀ ቤት ነው የሞተችው። እንዲህ ያለ ልጅ ይስጠን» ይሉ ነበር። እሱም ያን ነጭ ዕቃ በመዳፉ ጨብጦ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

መምህር ወንድይራድ ይህን ብለው ወደ ወጣቱ ዞሩ።

«ልጄ፣ ያ ሰው ክፉ አልነበረም። ጠይቋል፤ በየማለዳው ጠይቋል። አንተም ጠይቀሃል። ግን ‹ገባሽ?› ስትላት ለምን እንደምትጠይቃት ነግረሃታል? ‹ካልገባሽ ደግሜ ላስረዳሽ ነው› ብለሃታል?»

«እንደዚያስ አላልኳትም» አለ ወጣቱ። «ይታወቃል ብዬ ነው።»

«ለአንተ ይታወቃል። እሷ ግን ጥያቄህን እንደ አደራ ነው የተቀበለችው። መምህሬን እንዳላሳፍር፣ ትምህርቱን እንዳላስቆም፣ ልጆቹ እንዳይስቁብኝ ብላ ‹ገባኝ› የሚለውን ቃል ብብቷ ሥር አሙቃ ያዘችልህ። አንተም ከሰሌዳው አጠገብ ቆመህ ሙቀቱን አነበብህ። ብርዱ ከኋላ ነበር።»

ወጣቱ ድምፁን ዝቅ አድርጎ «ውጤት የተሰጠ ዕለት አለቀሰች። አጠገቧ የሄድኩት ያን ቀን ነው። ከዚያ በፊት ወደ ኋላ ወንበር ሄጄ አላውቅም» አለ።

«አዎን። ማሞቂያው የነደደውም እንደዚያው ነው» አሉ መምህሩ። «አሁን የት ናት?»

«ከተማ ሰው ቤት ተቀጠረች አሉ።»

«እናቷ ዘንድ ሂድ። ትመለስ እንደሆነ ጠይቅ። ላትመለስ ትችላለች፤ ይህን አልደብቅህም። ግን ከኋላ የቀሩ ሌሎች አሉህ። ነገ ስትገባ ‹ገባችሁ?› አትበላቸው። ሁሉም እግዚአብሔር ይመስገን ነው የሚሉህ። ያ ሰው አንድ ቀን ካፖርቱን አውልቆ ከእናቱ አልጋ ጫፍ ቢቀመጥ ኖሮ፣ ስልኩን ሳያይ ያውቅ ነበር። አንተም ጋዋንህን አውልቅና ልጅቷ ትቀመጥበት ከነበረው ወንበር ላይ ተቀመጥ።»