ሸክላ ሠሪዋና የፊታውራሪው ጉባኤ

ሆዳቸው ከእሳቸው ቀድሞ በር የሚገባ፣ ጓንጉል የሚባሉ ፊታውራሪ ነበሩ። አንድ ቀን «ባለርስትና ሸክላ ሠሪ ተወያይቶ ይተዋወቅ» ብለው ሁለቱንም ወገን ግቢያቸው ሰበሰቡ። ባለርስቶቹን ወንበር ላይ፣ ሸክላ ሠሪዎቹን በሩ ሥር መሬት ላይ አስቀመጡና ስለ እኩልነት ከጠዋት እስከ ቀትር ብቻቸውን ተናገሩ።

አንዲት ሸክላ ሠሪ ሆዷ እየጮኸ ስታዛጋ አዩዋትና ተቆጡ።

«አንቺ! እናንተ ሌሊት ሌሊት ጅብ ትሆናላችሁ ይላሉ ባለርስቶቹ። እውነት ነው? አዎ ካልሽ ከአገር ትባረሪያለሽ። አይደለም ካልሽ ደግሞ እነዚህን ታላላቅ ሰዎች ውሸታም ብለሻልና ሁለተኛ ገበያ ዝር አትዪም!»

ሴትየዋ ማሰሮዋን ካልሸጠች ልጆቿ ጦማቸውን ማደራቸው ነው። ፊታውራሪውን ከእግር እስከ ራስ አየቻቸውና እጅ ነሥታ መለሰች፦

«ጌታዬ፣ ጅብ መሆን ብችልማ ኖሮ፣ እርስዎን የመሰለ ሙክት ፊቴ ቆሞልኝ እስካሁን ጦሜን ንግግር አዳምጥ ነበር?»

ባለርስቶቹ በሳቅ ፈረሱ። ፊታውራሪው ግን ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ አሉና አሽከሮቻቸው ላይ ጮኹ፦

«ምን ትጠብቃላችሁ? ቶሎ ከእኛው መሶብ አብሏት እንጂ!»